ባቡር ወደ አሰበ ተፈሪ ያወጡት ቀያሽ

ባለፈው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከጭሮ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የሐጂ ሙሜ ትልቁ ልጅ ነው። የእኔን ጤና፣ የልጆቼን ጤና፣ የዝናቡን ነገር ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ጋሽ ታፈሰ ወደ አኼራ ሄደዋል» አለኝ።

«ምን ሆነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ምንም አልሆኑም። እርጅና ነው። ሻያቸውን ጠጡ፣ ጋደም አሉ፣ በዚያው አሸለቡ።»

ስልኩን ዘጋሁና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ! ባለቤቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ታፈሰ ሞቱ!» አልኳት። «በእርጅና! ሰማንያ አልፏቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ ሻያቸውን ጠጥተው!» መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ገባትና እያለቀሰች ሳቀች። ሞት ሲረዱት የሚያጨበጭብ ሰው ጤነኛ እንደማይባል አውቃለሁ። ግን እኚህን ሰውዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ አይደርሱም ብዬ ቀን የቆጠርኩበት ጊዜ ነበር። ያኔ «በእርጅና ይሞታሉ» የሚለኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስመው ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ጭሮን ሁላችንም አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አዲስ ጤና ረዳት ነበርኩ። ከተማው «ዶክተር» ይለኛል። ሁለት ሳምንት ያህል «ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ አረምኩ፤ ከዚያ ደከመኝ፤ ምን ልዋሽ፣ ውስጥ ውስጡንም ደስ ይለኝ ጀመር። ቀበሌ የሰጠኝ ክፍል ከአንድ የመሬት ቀያሽ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቀያሹ ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

ስመጣ ያገኘኋቸው ጋሽ ታፈሰ ድምፅ አልነበራቸውም። ከሥራ ይመጣሉ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። ሱሪያቸው ከወገባቸው እየወረደ ስላስቸገራቸው በሲባጎ ያስሩት ነበር። ከዓመት በፊት እሳቸው ከቦርደዴ በታች ቆላ ወርደው መሬት ሲለኩ ሚስታቸው ታመው ሞተዋል፤ መልእክቱ ሲደርሳቸው ቀብሩ አልፎ ነበር። ሰው ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ይለቃቸዋል» ይላል። እኔም ባለሙያው እንደ ሰው ሁሉ «ይለቃቸዋል» አልኩ። ወባ ብትሉኝ ከሩቅ አውቃለሁ፤ የሳንባ ነቀርሳን ሳል ከበር እለያለሁ። እንዲህ ያለው ሐዘን ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ግን አልጠረጠርኩም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተደበደበ። ከፍቼ ሳይ ጋሽ ታፈሰ ቆመዋል! ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ባርኔጣቸውን አራግፈዋል፣ ዓይናቸው ያበራል።

«ዶክተር፣ ተነሥ! ምን ትተኛለህ? ሥራ መጣ!»

«የምን ሥራ?»

«ባቡር! ከሚኤሶ ወደዚህ ሊወጣ ነው። ቅየሳው በእኔ እጅ ነው።»

የባቡሩን ነገር ጆሮዬ በደንብ አልሰማውም፤ ሰውየው መነሣታቸው ብቻ በቃኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ «ይለቃቸዋል ብዬ አልነበር!» እያልኩ ስኩራራ ዋልኩ። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

አሰበ ተፈሪ የወደደቻቸው እኚህኛውን ጋሽ ታፈሰን ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ማንኛውንም ነገር ሲያዩ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ወደፊት ይቀስራሉ፤ ዛፍ ይሁን፣ በሬ ይሁን፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ይሁን። ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው «እንለካና እናያለን» ነው። ላገባት ያሰብኳትን ልጅ ፎቶ ሳሳያቸው እንኳ ጣታቸውን ቀስረው «እንለካና እናያለን» አሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይህን አልረሳችላቸውም።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሙሜ ቤት ወሰድኳቸው። ሐጂ ሙሜ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ ቤታቸው ከዙሁር ሶላት በኋላ የበርጫ ቤት ይሆናል። ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ፣ እስር ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ተራ ወሬ ነው። ከዚያ ምርቃና ይመጣል፤ ምርቃና ሲመጣ ሐሳብ ክንፍ ያወጣል። አንዱ ፎቅ ይሠራል፣ አንዱ በገለምሶ መንገድ አምስት አውቶቡስ ያሰማራል፣ ሌላው ወንዝ ገድቦ ከተማውን በመብራት ያጥለቀልቃል። አመሻሹ ላይ ምርቃናው ሲወርድ ፎቁም አውቶቡሱም አብሮ ይወርዳል፣ ሰውም ጫማውን ፈልጎ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዚህ ቤት ጥብቅ ደንብ አንድ ነው፤ የሰው ምርቃና አይሰበርም። አንዱ ፎቅ ሲሠራ «ሲሚንቶው ከየት ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ጨዋ ሰው አንድ ፎቅ ይጨምርለታል እንጂ አይጠይቀውም።

ጋሽ ታፈሰ ባቡራቸውን እዚህ ደንብ መሐል ነው ይዘው የገቡት።

«አቦ ታፈሰ፣ ዱጉማ? እውነት ነው?» አሉ ሐጂ ሙሜ ከተደገፉበት ቀና ብለው።

«በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሐጂ፣ ጫትዎን ከደጃፍዎ ጭነው ድሬዳዋ ያራግፋሉ።»

«ወላሂ?»

«ዳገቱ ነው የሚያስቸግረው። እሱንም እንለካና እናያለን።»

«እንግዲያው ጣቢያው እኔ ማሳ ጫፍ ላይ ይሁን። ባቡሩም ሲደርስ ሁለቴ ይጩህ። እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ባቡሩ በሶላት ሰዓት እንዲቆም ጠየቀ። ሌላው ለሴቶች የተለየ ፉርጎ ይኑር አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ተሳፍረው እንደማያውቁ ተናገሩና መስኮት አጠገብ ቦታ አስያዙ። ጋሽ ታፈሰ ሁሉንም በደብተራቸው ጻፉት፤ የሽማግሌውን ስም እንኳ ከነአባታቸው።

በማግሥቱ እሑድ የእኛ ሁሉ ምርቃና ወርዶ ከተማው ሲያዛጋ፣ ጋሽ ታፈሰ የመቀየሻ መነጽራቸውን ከነሦስት እግሩ ተሸክመው ወጡ። ችካሉን እኔ ተሸከምኩላቸው። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ስንደርስ የሚኤሶ ቆላ ታች ተዘርግቶ ይታያል። «እዚያ ጋ ይታጠፋል» አሉኝ፤ «እዚህ ጋ ድልድይ አለ፤ ከዚያ ተራራውን አቅፎ፣ ቀስ ብሎ፣ ይኸው!» እጃቸውን ዘርግተው ባቡሩን ከቆላው እየጎተቱ አመጡልኝ። አመኑኝ፣ ጭሱን አየሁት! ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ከልቤ አምኜ ነበር። ለእናቴም «ወደምኖርበት አገር ባቡር ሊገባ ነው» ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። በኋላ ግን እኔም እንደ ሌላው ሰው የበርጫ ጨዋታ ነው ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ወር በሕይወቴ ከሳቅሁባቸው ጊዜዎች ሁሉ ይበልጣል። ችካሎቹ ከጫት ማሳ ወደ ማሽላ ማሳ፣ ከማሽላው ወደ ኮረብታው ተደርድረው ወጡ። ገበሬው የመንግሥት ነው ብሎ ማረሻውን በችካሉ ዙሪያ እያዞረ ያርስ ነበር። ገበያ ውስጥ «ያ ባቡር!» እያሉ ነው ሰላም የሚሏቸው። ጋሽ ታፈሰ ደግሞ በሥራቸው አንድ ስህተት አይሠሩም፤ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሲባጎውን ጥለው ቀበቶ ታጠቁ። «የጋሽ ታፈሰ ምርቃና ጠዋትም አይወርድም» እያልን እንስቃለን። በርጫውም ደንቡን ጠብቆ በየሳምንቱ አንድ ፉርጎ ይጨምርላቸዋል።

አንድ ቀን ሐጂ ሙሜ ክንዴን ይዘው ወደ ግቢ አወጡኝ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ አይቅምም» አሉኝ።

«ማን?»

«ታፈሰ ነዋ። ስድስት ወር አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ቅጠሉን ይይዛል፣ ያገላብጣል፣ ሲነሣ ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል። አንድ ቅጠል አፉ ሲገባ አላየሁም፣ ወላሂ።» ፊታቸው ተለወጠ። «እና ምርቃናው ከየት ነው የሚመጣው?»

በዚያ ከተማ ሰው ትልቅ ትልቅ ነገር ሲያወራ ምክንያቱን ማንም አይጠይቅም፤ ምክንያቱ እጁ ላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ሰው አሞታል» ይባል ነበር። እኛ ግን ጫቱን አይተን አፋቸውን ሳናይ ስድስት ወር ሸኘናቸው።

ሮጬ ሄድኩና ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ማን አዘዘዎት?»

«ሬዲዮው» አሉኝ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው። «ዜናው ሲያልቅ አንባቢው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዴ ከጠረገ ቀጥል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከጠረገ አቁም ነው። እስካሁን አንዴ ነው የሚጠርገው።»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናላ!»

በሐዘኔታ አዩኝ። «አንተ ገና ልጅ ነህ። ምስጢር ስለሆነ ነው ያልነገሩህ።»

ተከራከርኳቸው። ካርታ ዘረጋሁ፣ ዳገቱን ቆጠርኩ፣ ለምኜም አየሁ። ምንም! ሌላው ሐሳባቸው ሁሉ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ እዚህ ነገር ላይ ሲደርሱ ብቻ በሩ ይዘጋል።

አላታለልኳቸውም፤ ያኔ ካደረግኩት ሁሉ የማላፍርበት ይህ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ፈርቼልዎታለሁ፤ አዲስ አበባ ሄደን አንድ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው። «መንገዱንም አየዋለሁ» ብለው እሺ አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኩርባ ሲቆጥሩ ዋሉ። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፤ ሁለት ወር አስተኝቶ አከማቸው።

ሲመለሱ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። «ባቡሩስ፣ ጋሼ?» አልኩ። «የምን ባቡር?» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዳኑ! እቅፍ አድርጌ መናኸሪያው መሐል ዘለልኩ። አሁንም ቀድሜ ነበር የተደሰትኩት።

በማግሥቱ ወጥተው ችካላቸውን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። ማንንም እርዱኝ አላሉም። ገበሬው «ለምን?» ሲላቸው «ስህተት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይሉታል። አራት ቀን ፈጀባቸው። የመጨረሻውን ነቅለው ቤት ገቡ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ወጡ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ቴሌ ሄጄ ለሐኪሙ ደወልኩ። «ሁለት ሕመም ነው ያለባቸው» አለኝ። «ሐዘኑ ቀድሞ የገባው ነው። ባቡሩ የተሠራው በሐዘኑ ላይ ነው፤ ባቡሩን ስናነሣው ከሥሩ ያለው ተገለጠ። ለእሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እልክልሃለሁ፤ መሥራት እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው። መሞት ያስቡ እንደሆነም አፍ አውጥተህ ጠይቃቸው፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አይሰጣቸውም።»

ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ አስባለሁ» አሉኝ፣ ግድግዳውን እያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሰኞ ማክሰኞ እያልኩ መቁጠር የጀመርኩት።

ሐጂ ሙሜ ነገሩን ስነግራቸው ብድግ አሉ። «ባቡሩን እንመልስለት!»

«እንዴት?»

«መጥቷል እንበለዋ! ባቡር ሲኖረው ይስቅ ነበር፣ ይበላ ነበር። አሁን ምን አለው?»

ልደብቃችሁ አልችልም፣ አጓጓኝ። አንድ ሙሉ ቀን አሰብኩበት። በሽታቸውን መልሼ ብሰጣቸው ይኖራሉ፤ ጤናቸውን ይዘው ደግሞ ሊሞቱብኝ ነው። እኔ ገና ሳልወስን ሐጂ ፍራሻቸውንና ትራሳቸውን አስጭነው፣ የበርጫውን ሰዎች አስከትለው ጋሽ ታፈሰ ክፍል ገቡ። ቤቱ ጠበበ። ሰላምታ ተባለ። ጋሽ ታፈሰ አልዞሩም።

«አቦ ታፈሰ» አሉ ሐጂ በሞቅታ፣ «እኔ እኮ ለጣቢያው ማሳዬን...»

ጋሽ ታፈሰ ቀስ ብለው ዞሩ። «ሐጂ፣ ተዉ። ባቡር የለም። ሚስቴም የለችም። እኔ ደግሞ መኖር አልፈልግም።»

በዚያ ደንብ ሲጫወት ዓመታት ያሳለፈው ቤት ምን ይመልስ? ፎቅ አይጨመርበት! ሁሉም አቀረቀረ። ሐጂ ሙሜ የያዙትን ጫት መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እንዲህ ነው እንዴ ታፈሰ?»

«እንዲህ ነው።»

«እኛ እኮ እየሳቅን ነበር» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ታመህ ሳለ እኛ ስድስት ወር እየሳቅን ነበር።» እኚያ ትልቅ ሰውዬ በነጠላ ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን፣ እኔ ክርስቲያኑም። «ያ ረቢ፣ ይሄን ሰው ለእኛ አቆይልን» አሉ። «አሚን» አልን። ዱዓው ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠርገው የገበያ ድምፃቸውን አወጡ፦ «ከነገ ጀምሮ ተራ ነው። እዚህ ቤት ሰው የማይቀመጥበት ቀን የለም። ሰኞ የእኔ ነው።»

ክኒኑን እኔ ዘንድ አስቀምጬ በየቀኑ በእጄ እሰጣቸዋለሁ። ባለተራው ጠዋት ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ለጋሽ ታፈሰ ጀርባ ያወራል። አመሻሹ ላይ እኔ እተካለሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ጀርባቸው አይነቃነቅም። በአራተኛው ሳምንት ውሃ ጠየቁ። ራሳቸው፣ በአፋቸው! ያን ቀን ጤና ጣቢያ ለመጣ ሰው ሁሉ ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳወራ ዋልኩ፤ ሰው አሞኛል ብሎ መጥቶ ለእኔ አዝኖ ይሄድ ነበር። ግን ከውሃው በኋላ እንደገና ዝም አሉ። ቆጠራዬን አላቆምኩም።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል አንድ ሰኞ፣ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ተሰልፎ እያከምኩ ሳለ በሩ በኃይል ተከፈተ። ጋሽ ታፈሰ! ሸሚዛቸውን አዛንፈው ቆልፈውታል፣ የአንዱ ጫማቸው ክር መሬት ይጎተታል፣ ያለከልካሉ።

«ዛሬ ሰኞ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው።»

«የሐጂ ተራ ነው። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አልመጡም።»

«ማሳ ወርደው ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ቀርተው አያውቁም! አሟቸው ነው። ምን ታየኛለህ፣ ቦርሳህን ያዝና ተነሥ!»

በሽተኞቼን ለሥራ ባልደረባዬ ትቼ ተከተልኳቸው። ወደ ሐጂ ቤት የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ሁለት ወር አልጋ ላይ የነበሩት ሰውዬ ከፊት ናቸው፤ እኔ ወጣቱ ከኋላ እያለከለክሁ ቦርሳዬን እጎትታለሁ። አንዴ ዞረው «ፍጠን እንጂ!» ብለው ጮሁብኝ።

ሐጂ ሙሜ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ጫት ያሳስራሉ። ከድሬዳዋ ድንገት ገዢ መጥቶባቸው ቀኑ ጠፍቶባቸዋል። አጥሩን ይዘው የቆሙትን ጋሽ ታፈሰን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ያ አላህ! ሰኞ ነው! ረሳሁ ታፈሰ፣ ወላሂ ረሳሁ!»

ጋሽ ታፈሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን ፈለጉ። ሲያገኙት ግን ያ የጠፋ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

«ሰው እንዲህ ይደረጋል፣ ሐጂ? የሞቱ መሰለኝ እኮ! ሁለተኛ እንዲህ እንዳያስደነግጡኝ!»

ሐጂ ሙሜ እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። ለካ ቀን ይቆጥሩ የነበሩት እሳቸውም ኖረዋል። ጋሽ ታፈሰ ገና እየተቆጡ ነበር፤ እኛም ይቆጡን ብለን ቆመን ሰማናቸው።